ልዕልት ፀሐይ በነርስነታቸው

በቡሌቲናችን የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲወጣ፣ ነርሲንግን በተመለከተ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። ይገባታል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ መርካቶ አካባቢ ስንመደብ የጦር ኃይሎች ታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ በየቀኑ እንሰማለን። ያ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሆስፒታሉ ሲሆን፣ ሆስፒታሉ ደግሞ በዘውዱ ዘመን የሚጠራው በአንዲት ነርስ ስም ነበር፤ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተብሎ። የክፍል ጓደኞቼን ስጠይቅ ልዕልቲቱን የሚያውቋቸው ጥቂቶች ናቸው። የሚያውቋቸውም የንጉሥ ልጅ መሆናቸውን እንጂ ተፈትነው ያለፉ፣ በነርሶች መዝገብ የሰፈሩ ባለሙያ መሆናቸውን አያውቁም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ ይኸው ነው። ስለ ቤተ መንግሥት ኑሯቸው ብዙ አልልም፤ የኛ ጉዳይ ዋርድ ውስጥ ነውና።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. አባትና እናት ዘውድ ሲጭኑ ልጅቷ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ያው እንደ ዘመኑ መሳፍንት ልጆች በቤት ውስጥም በውጭም ተምረው፣ የውጭ ቋንቋ ለምደው አደጉ።

ሕይወታቸውን የለወጠው ጦርነቱ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ወረራውን ስትጀምር ልዕልት ፀሐይ ዐሥራ ስድስተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ቀናት ነበር የቀራቸው። እቴጌ መነን በበላይነት በሚመሩት የሴቶች ማኅበር ውስጥ ለግንባር የሚላክ የቁስል ማሰሪያ ጨርቅና የጋዝ መከላከያ ጭንብል በማዘጋጀቱ ሥራ ተሳተፉ። የሰናፍጭ ጋዝ ምን እንደሚያደርግ በቶክሲኮሎጂ የተማርን እናውቃለን፤ ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ያቃጥላል። በጨርቅ በተሠራ ጭንብል ብዙ የሚመለስ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ የልዕልቲቱ የመጀመሪያ የጤና ሥራ ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሣውያን ቤተሰቡ በባቡር ወደ ጂቡቲ ሄደ። ከዚያም በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ነው። በስደቱ ዘመን የሆነ አንድ ነገር እዚህ ላይ ባነሳ ከርዕሴ የወጣሁ አይመስለኝም። ኢጣሊያኖች አዲስ አበባን እንደገና ሲያቅዱ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ለአገሬው ሰው ለብቻው ገበያ አደረጉለት፤ የዛሬው መርካቶ፣ ስሙም ጭምር፣ የዚያ ውጤት ነው። እንግዲህ መርካቶ ሲቆረቆር ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ የታማሚ ሕፃናትን አልጋ ያነጥፉ ነበር።

የገቡት ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተና እስከ ዛሬ በዓለም ከታወቁት የሕፃናት ሕክምና ተቋማት አንዱ ነው። በእንግሊዝ አገር ነርስነት በሕግ መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ መዝገቡ ለታመሙ ሕፃናት ነርሶች የተለየ ክፍል ነበረው። ስም የሚሰፍረው ሥልጠናውን ጨርሶ የመንግሥቱን ፈተና ላለፈ ብቻ ነው። የማን ልጅ ነሽ ተብሎ የሚሰጥ ማዕረግ አልነበረም ማለት ነው። ልዕልት ፀሐይ በዚህ መንገድ አልፈው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ዕድሜያቸው ሃያ አልሞላም።

ይህ የሕፃናት ነርስ የሚባለው ነገር ቀላል አድርገን እንዳናየው እፈልጋለሁ። በጊዜው የነበረው የመድኃኒት አሰጣጥ ከዛሬው ይከብድ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሚሊግራምና ሚሊ ሊትር ለእንግሊዝ ነርስ የዘወትር ቋንቋ አልነበሩም። መድኃኒቱ በግሬን ይለካል፣ ፈሳሹ በሚኒም። አንድ ግሬን ወደ 65 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ አንድ ሚኒም ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥራ ስድስተኛ እንኳ በቅጡ የማይሞላ ጠብታ ነው። ለሕፃን ሲሆን ደግሞ ያንኑ ማካፈል አለ። በዘመኑ ከነበሩት ስሌቶች አንዱ የያንግ ሕግ የሚባለው ነው፦ የልጁን ዕድሜ ትወስዳላችሁ፣ ዕድሜው ላይ 12 ደምራችሁ በድምሩ ታካፍሉታላችሁ፣ የአዋቂውን ዶዝ በዚያ ታባዛላችሁ። አራት ዓመት የሆነው ልጅ አራት ለአሥራ ስድስት፣ ማለትም የአዋቂውን ሩብ ይወስዳል። የአንድ ዓመቱ አንድ አሥራ ሦስተኛ። በክብደት የሚሠራው የክላርክ ሕግም ነበር፤ የልጁን ክብደት በፓውንድ ወስዶ ለ150 ማካፈል።

የዕድሜው ሕግ ችግሩ ሚዛን አለማየቱ ነው። አንድ ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች፣ አንዱ 10 ኪሎ ሌላው በምግብ እጥረት የተጎዳ 6 ኪሎ ቢሆኑ፣ ሕጉ ሁለቱንም እኩል ይወጋቸዋል። ዛሬ ሚሊግራም በኪሎ ብለን የምንሠራው ለዚህ ነው። መርካቶ ላይ ግን አዲሱ ስሌትም ቢሆን በር ላይ ሊበላሽ እንደሚችል አይቻለሁ። እናት ከሸማ ተራ ወይም ከሰባተኛ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ ሁለት ሹራብ አልብሳ ታመጣለች፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ልጁን ማስወለቅ ጊዜ ይወስዳል። ስምንት ኪሎ የሆነ ልጅ ጄንታማይሲን በ7.5 ሚሊግራም በኪሎ ቢታዘዝለት 60 ሚሊግራም ነው። ቪያሉ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊግራም የያዘ ከሆነ የምንስበው 1.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ክብደቱን በዓይን 12 ኪሎ ነው ያለ ሰው ግን 90 ሚሊግራም ይሰጣል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ሚዛኑ ነው የተሳሳተው። ጄንታማይሲን ደግሞ ሲበዛ ኩላሊትንና መስማትን የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ መስማት ያቆመ ሕፃን ይህን ለማንም አይናገርም። ስለዚህ አምስቱ ትክክለኞች ብለን የምንሸመድዳቸው፣ ማለትም ትክክለኛ ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት፣ ሦስተኛው የሚጀምረው ከሲሪንጁ ሳይሆን ከሚዛኑ ነው። የምመራበት ጤና ጣቢያ ያሉ አንዲት ሲስተር ልጁ ሳይወልቅ ካርዱን አይቀበሉም፤ ሰው ቢቆጣም አይቀበሉም።

ወደ ልዕልቲቱ ዘመን ልመለስ። ሲሪንጁ የብርጭቆ ነበር። ከተጠቀሙበት በኋላ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ እንደገና ይሠራበታል። መርፌውም እንደዚሁ፤ ሲደንዝ በድንጋይ ይሳላል። የዚህ ሁሉ ኃላፊነት የነርሷ ነው። ፔኒሲሊን አልነበረም፤ በሰው ላይ በደንብ መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። የሰልፋ መድኃኒቶች ግን ገና ብቅ ማለታቸው ነበር፤ ለዲፍቴሪያ አንቲቶክሲን፣ ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ይሰጥ ነበር። በሲሪንጅ አማካይነት የጉበት በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ በሐኪሞች ዘንድ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው ከዚያ በኋላ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በደንብ ያልተቀቀለ ሲሪንጅ ምን ያህል ሰው እንደጎዳ የገባቸው ዘግይቶ ነው።

ለኛ ነገሩ በጣም ቀሎልናል፤ አንድ መርፌ፣ አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍን ጨምሮ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1999 በሰጡት የጋራ መግለጫ ለክትባት ራሱን በራሱ የሚቆልፍ ሲሪንጅ ብቻ እንዲሆን ጠይቀዋል። ብቻ መርካቶ የራሷ ጠባይ አላት። መርካቶ ውስጥ የሚጣል ነገር የለም። ጠርሙሱ፣ ፕላስቲኩ፣ ቆርቆሮው፣ ካርቶኑ ሁሉ የሚለየው፣ የሚያጥበው፣ የሚሸጠው ሰው አለው፤ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ያውቀዋል። ይህ በሌላው ነገር የሚያስመሰግን ነው። መርፌ ግን ከተራ ቆሻሻ ጋር ከወጣ የሚያገኘው የሚለየው ልጅ እጅ ነው። ደህና መርፌ የሚባለው የተወጋውን የማይጎዳ፣ የወጋውን የማይጎዳ፣ ኅብረተሰቡንም የማይጎዳ ነው ተብሎ ሲጻፍ ሦስተኛዋ ቃል ለማሟያ የገባች ይመስለን ነበር። መርካቶ ላይ ግን ዋናዋ እሷ ናት። ክዳኑን መልሶ አለመክደን፣ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መክተት፣ ሣጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ መዝጋት፤ ሥራው ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ሸክም ተሸክሞ የሚያድር ሰው ወገቡን ሲያመው ክኒን ሲሰጡት ቅር ይለዋል። መርፌ ተወግቶ ወዲያው ወደ ሥራው መመለስ ነው የሚፈልገው፤ መርፌ ደም ውስጥ ስለሚገባ ይበረታል ብሎ ያምናል። በሽታው የማይፈልገውን መርፌ ስለጠየቀ ብቻ የሚወጋው ሰው ሰፈር ውስጥ አያጣም። ይህን ስናስረዳ የምንቸገረው ሰውየው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ የቀን ገቢው በሰዓት የሚቆረጥ ስለሆነ ነው። መቀመጫ ላይ በዘፈቀደ የተወጋ መርፌ ደግሞ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ካገኘ እግሩን ሊያዝለው ይችላል። ለተሸካሚ እግር ማለት እንጀራ ነው። የጡንቻ መርፌ ለአዋቂ ሲታዘዝ በዳሌ ጎን በኩል ያለውን ቦታ መምረጥ፣ ዘጠና ዲግሪ ቀጥ አድርጎ መግባት፤ ሕፃን ከሆነ የጭን ውጪያዊ ጎን። በመማሪያ ክፍል ብርቱካን ላይ ስንለማመድ ነርቭ የለውምና ይህ ፍርሃት አልመጣልንም ነበር።

በመስከረም 1932 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ልዕልት ፀሐይ የሕፃናት ነርስ ሆነው አላበቁም። ወደ ጋይስ ሆስፒታል ገብተው የአጠቃላይ ነርስነት ሥልጠና ቀጠሉ። ለንደን ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌሊት ሌሊት በቦምብ የምትደበደብበት ዘመን ነው። የራሳቸውን አገር ከተማ በጦርነት ትተው የወጡ ሰው፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ሌላ ጦርነት ላይ ሆነው ሙያ መማራቸው ይገርመኛል። ወደ ቤተሰባቸው ቤት ባዝ ከተማ ሄደው መቀመጥ ይችሉ ነበር እኮ።

ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ልዕልቲቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ምኞታቸው የታወቀ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ነርሶች እዚሁ የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል እንዲኖር። በ1934 ዓ.ም. በኋላ ሌተና ጄኔራል ከሆኑት ከአብይ አበበ ጋር ተጋቡ። አብይ አበበ በወለጋ ተሹመው ስለነበር ወደ ነቀምቴ አብረው ሄዱ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ክረምቱ በጠናበት፣ ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ነቀምቴ ዐረፉ። ሃያ ሦስተኛ ዓመታቸውን አላከበሩም። አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ በበዓታ ለማርያም ተቀበረ።

ታሪካቸውን ሳነብ ያስቆመኝ እዚህ ላይ ነው። በጊዜው በአገሪቱ ከነበሩት እጅግ ጥቂት የሠለጠኑ ነርሶች አንዷ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ የገዥው ባለቤት፣ በእርግዝና ምክንያት ሞቱ። እሳቸው ለንደን ከመግባታቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ እዚያው ለንደን ውስጥ ኤርጎሜትሪን የሚባለው ማህፀንን የሚያኮማትርና ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም የሚገታ መድኃኒት ተለይቶ ወጥቶ ነበር። መድኃኒቱ በአንድ ከተማ መታወቁና በሌላ ከተማ እናት አልጋ አጠገብ መገኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኦክሲቶሲን ደግሞ በላቦራቶሪ የተሠራው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው።

የእናቶች ሞት ሲነሳ በአገራችን ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ ደም መፍሰስ ነው። ስለዚህ በማዋለጃ ክፍል ያለውን መርፌ ትንሽ ላብራራ። ሕፃኑ ከወጣ በኋላ፣ ሌላ ልጅ በማህፀን አለመኖሩ በእጅ ተዳሶ ሲረጋገጥ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ ይሰጣል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበት ነው፤ መብራት የጠፋበትና ማንም ያላስተዋለው ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ አምፑል መልኩ አይለወጥም፣ ሽታው አይለወጥም፣ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። ነርሷ ትክክለኛውን መድኃኒት፣ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ሰዓት ወግታ እናቲቱ ትደማለች። የፍሪጁን ሙቀት በየጠዋቱና በየማታው መመዝገብ የጽዳት ሠራተኛ ወይም የፋርማሲ ሰው ሥራ አድርገን የምናይ ብዙ ነን፤ እኔ ግን መድኃኒት አሰጣጥ ውስጥ ነው የምመድበው።

ኤርጎሜትሪን ሙቀትም ብርሃንም አይወድም። የደም ግፊት ላለባት እናት አይሰጥም፤ ልጁ ሳይወለድም አይሰጥም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በማዋለጃ ክፍል አንድ ትሬይ ላይ ሁለት ታካሚ አለ፤ እናትና ጨቅላ። ጨቅላው 1 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ ይወጋል። ሁለቱም አምፑሎች ትናንሽ ናቸው። በተለያዩ አገሮች የእናቲቱ ኤርጎሜትሪን በቫይታሚን ኬ ፋንታ ለጨቅላው ተወግቶ ጨቅላዎች ለከባድ አደጋ የተዳረጉባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ሥራ በሚበዛበት ሌሊት፣ ሁለት እናቶች አንድ ላይ ሲወልዱ፣ ሲሪንጁ ተስቦ ስም ሳይጻፍበት ትሬዩ ላይ ሲቀመጥ የሚሆነው ይህ ነው። የእናትና የልጅ ትሬይ መለያየት፣ የሳበው ሰው ራሱ እንዲወጋ ማድረግ፣ ሌብሉን ሦስት ጊዜ ማንበብ (ሲያነሱት፣ ሲስቡት፣ አምፑሉን ከመጣላቸው በፊት)፤ ይህ ሁሉ ብር አያስወጣም። ሦስተኛዋን ንባብ ብዙ ሰው ይዘላታል።

የልዕልት ፀሐይ ሞት እንግሊዝ አገር ሲሰማ ወዳጃቸው የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት መታሰቢያ ሆስፒታል ለማሠራት ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ ከፊት ሆነው መሩ። ሲልቪያ ለእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት የታገሉ፣ በወረራው ዘመንም ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ያሳተሙ ሴት ናቸው። ዓመታት ፈጀባቸው። ሆስፒታሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ ልዕልቲቱ እንደተመኙት የነርሶች ማሠልጠኛም ነበረው። ሲልቪያ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ሲሞቱም መንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ከአብዮቱ በኋላ ሆስፒታሉ ስሙ ተለወጠ። ልምምድ ላይ ካገኘኋቸው ታካሚዎች መካከል አንዲት የሰባተኛ ነዋሪ የሆኑ እናት እስከ ዛሬ ፀሐይ ሆስፒታል ነው የሚሉት፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን እዚያ ነበር የወለዱት። ልዕልቲቱ ነርስ እንደነበሩ ስነግራቸው አላመኑኝም።